አምስት ካርድ፣ አምስት ሞኒተር፦ የአዳማው ጌም ቤት የሥራ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፦ ቆጠራ

የአክስቴ ልጅ አዳማ፣ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ጌም ቤት አለው። ከፊት ፕሌይስቴሽን፣ ከኋላ አምስት ፒሲ። የፒሲዎቹ ደንበኞች ቅሬታ አንድ ነው፤ "ስክሪኑ ይቀደዳል።" ጂቲኤ ላይ መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ የመንገድ መብራት ፖሉ ወገቡ ላይ ይቆረጣል። ላይኛው ግማሽ አንድ ቦታ፣ ታችኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ይታያል። ቪ-ሲንክ (ፒሲው የሞኒተሩን እድሳት እንዲጠብቅ የሚያደርገው ሴቲንግ) ሲበራ መቀደዱ ይጠፋል፣ ግን ማውሱ ይከብዳል። ልጆቹ ከሁለቱ መቀደዱን መርጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 75 ሄርዝ ሞኒተር በየ13.3 ሚሊሰከንዱ ምስሉን ያድሳል። ካርዱ (ምስል የሚሠራው የፒሲው ክፍል) ፍሬሙን፣ ማለትም አንዱን ምስል፣ ጨረሰም አልጨረሰም ሰዓቱን አይለውጥም። ካርዱ ደግሞ አንዱን ፍሬም በ11፣ ሌላውን በ19 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። ሞኒተሩ እያደሰ መሃል ላይ ሳለ አዲስ ፍሬም ከመጣ ላዩ የድሮው፣ ታቹ የአዲሱ ይሆናል። አዳፕቲቭ ሲንክ የሚሠራው ሰዓቱን ለካርዱ አሳልፎ በመስጠት ነው። ሞኒተሩ ፍሬሙ እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ሲደርስ ያድሳል።

አምስቱም ሞኒተሮች ካርቶናቸው ላይ "ፍሪሲንክ" የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ ኤኤምዲ ለአዳፕቲቭ ሲንክ የሰጠው ስም ነው። አንዱም ላይ ግን አይሠራም። የአክስቴ ልጅ "ተሸውጄ ነው እንዴ?" አለኝ። አልተሸወደም። ያለው ንብረት ይህ ነው፤ ሁሉም ዩዝድ፦

ካርድ፦ ሁለት አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ፣ ሁለት ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ፣ አንድ ጂቲኤክስ 960። አርኤክስ የኤኤምዲ፣ ጂቲኤክስ የኤንቪዲያ ነው።

ሞኒተር፦ ሁለት 144 ሄርዝ፣ አንዱ አይፒኤስ አንዱ ከርቭድ ቪኤ (የፓነል ዓይነቶች ናቸው)፣ ሁለቱም ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው የምስል ገመድ መሰኪያ ያላቸው። ሁለት 75 ሄርዝ፣ ከኋላቸው ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ ብቻ። አንድ 75 ሄርዝ ዲስፕሌይ ፖርት ያለው።

አሰካኩ ደግሞ እንደመጣ ነው። 580ዎቹ ከ144ቶቹ ጋር፣ 1060ዎቹ ከባለ ቪጂኤዎቹ ጋር፣ 960 ከቀረው ጋር። ሁሉም በኤችዲኤምአይ ገመድ። ይባስ ብሎ 144 ሄርዝ የተባሉት ሞኒተሮች ዊንዶውስ ላይ 60 ላይ ተቀምጠዋል። እስካሁን 144 የሚባለው ቁጥር የሚኖረው ካርቶኑ ላይ ብቻ ነበር።

1ኛ ሳምንት፣ ማታ፦ ማን ከማን ይስማማል?

ይህን ወረቀት ላይ ሳላወጣ ምንም ነገር መንቀል አልፈለግሁም።

ኤንቪዲያ በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ጂ-ሲንክን ሲያወጣ ሞኒተሩ ውስጥ የራሱ ቦርድ እንዲገባ ይጠይቅ ነበር። ያ ቦርድ ዋጋውን ሰቀለው። በ2014 ቬሳ የሚባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር አዳፕቲቭ ሲንክን ዲስፕሌይ ፖርት 1.2ኤ ላይ ጨመረ። ኤኤምዲ በዚያ ላይ ፍሪሲንክን ሠራ። የመጀመሪያዎቹ የፍሪሲንክ ሞኒተሮች በ2015 ገበያ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ኤኤምዲ በራሱ መንገድ ኤችዲኤምአይ ላይም አስኬደው። ኤንቪዲያ እስከ ጥር 2019 በሩን ዘግቶ ቆየ። ያኔ 417.71 በሚባለው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ለተራ አዳፕቲቭ ሲንክ ሞኒተሮች ከፈተ። ሁለት ገደብ ግን አለው። ካርዱ ከጂቲኤክስ 10 ሲሪስ ጀምሮ መሆን አለበት። እንደኛዎቹ ባሉ ሞኒተሮች ላይ ደግሞ ገመዱ የግድ ዲስፕሌይ ፖርት ነው።

እንግዲህ የኛ ችግር እዚህ ላይ ተገለጠ። 1060ዎቹ የሚፈልጉት ዲስፕሌይ ፖርት ነው፤ የተሰኩት ፖርቱ በሌላቸው ሞኒተሮች ላይ ነው። 580ዎቹ በኤችዲኤምአይም ይሠራሉ፤ የተቀመጡት ግን ዲስፕሌይ ፖርት ባላቸው ላይ። ጂቲኤክስ 960 ያለ ጂ-ሲንክ ቦርድ በምንም አይሠራም። እሱን ለብቻው እናየዋለን።

ካርድ መግዛት አያስፈልግም፣ ሞኒተርም አያስፈልግም። 1060 እና 580 በአቅም ተቀራራቢ ስለሆኑ ማቀያየር ብቻ ነው።

2ኛ ሳምንት፦ ገመድ

የአክስቴ ልጅ እኔ ሳልመጣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት የሚቀይር አስማሚ በ900 ብር ገዝቶ ነበር። ምስል ያሳያል፣ አዳፕቲቭ ሲንክ ግን አያሳልፍም። መሳቢያ ገባ።

ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉ ሱቆች ኤችዲኤምአይ ገመድ እንደ ልብ አላቸው። ዲስፕሌይ ፖርት ሲባሉ "የፕሪንተሩን ነው?" ይላሉ። መርካቶ ላለ ወዳጅ ተደወለ፣ ሁለት ገመድ በ1,300 በ1,300 ብር ተገዝቶ በሚኒባስ መጣ።

አይፒኤሱ ላይ የሰካሁት ምንም አላስቸገረም። ሁለተኛው ገመድ ግን አንድ ጠባይ አመጣ። ፒሲው ጠፍቶ፣ ሞኒተሩ በርቶ፣ ካርዱ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ደብዘዝ ብላ ትበራለች። ፓወር ሲጫን ፋኑ አንዴ ይዞርና ይቆማል። ገመዱ ሲነቀል ፒሲው ያለምንም ችግር ይነሳል። ይህ የ20ኛው ፒን ጣጣ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የዲስፕሌይ ፖርት ገመድ ውስጥ 20ኛው ፒን ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘት የለበትም። በርካሽ ገመድ ውስጥ ይገናኛል፤ ያኔ ሞኒተሩ 3.3 ቮልት ወደ ካርዱ ይመልሳል። መልቲሜትር አውጥቼ ለካሁት፣ ጫፍ ለጫፍ ጮኸ። ሻጩ አልመልስም አለ፤ ሌላ በ1,500 ብር ተገዛ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ገመድ ከመሰካቴ በፊት 20ኛውን ፒን እፈትሻለሁ።

ገመዱ ተስተካክሎም የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ላይ "ሴትአፕ ጂ-ሲንክ" የሚለው መስመር አልወጣም። ምክንያቱ ሞኒተሩ ጀርባ ባሉት ቁልፎች በሚከፈተው ሜኑ ውስጥ ነበር። ፍሪሲንክ "ኦፍ" ላይ ነው። የዲስፕሌይ ፖርት ቨርዥንም 1.1 ተብሎ ተቀምጧል። ወደ 1.2 ቀይሬ ፍሪሲንክን አበራሁ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ተመለሰ፣ መስመሩም ወጣ። ሞኒተሮቹ ኤንቪዲያ ፈትሾ ያጸደቃቸው ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ "ለዚህ ሞኒተር አስችል" የሚለውን ሳጥን በእጅ ማመልከት ግድ ነው። "ዊንዶውድ ኤንድ ፉል ስክሪን" የሚለውን መረጥሁ። ልጆቹ ጌሙን በመስኮት ከፍተው ከጎኑ ቴሌግራም ማየት ይወዳሉ፤ ፉል ስክሪን ብቻ ከሆነ ለእነሱ አይሠራም።

መሥራቱን የማየው በሞኒተሩ ሜኑ ነው። የሪፍሬሽ ሬቱን ቁጥር ጥግ ላይ የሚያሳይ ነገር አለው። ሲንኩ ሲጠፋ 144 ብሎ ይደርቃል። ሲበራ 88፣ 93፣ 81 እያለ ከፍሬሙ ጋር ይወርዳል ይወጣል። ፖሉ አልተቆረጠም።

580ዎቹን ባለ ቪጂኤዎቹ ላይ በኤችዲኤምአይ ሰካሁ። የሞኒተሩ ሜኑ ላይ ፍሪሲንክ ማብራት፣ የኤኤምዲ ሶፍትዌር ላይ ማብራት። አለቀ።

3ኛ ሳምንት፦ ጥቁር ስክሪን

ከቪኤው ጋር ያለው 1060 አዲስ ነገር አመጣ። ፒሲው ሲነሳ የማዘርቦርዱ አርማ አይታይም፣ ባዮስ መግባት አይቻልም። ምስል የሚመጣው ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ነው። በኤችዲኤምአይ ሲሰካ ችግሩ የለም።

ይህ በ900 እና በ10 ሲሪስ ካርዶች ላይ የታወቀ ነው። አንዳንዶቹ ዲስፕሌይ ፖርት 1.3 ወይም 1.4 ካለው ሞኒተር ጋር ሲገናኙ ድራይቨር እስኪነሳ ምስል አይሰጡም። ኤንቪዲያ ለዚሁ የፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የተጻፈው ሶፍትዌር) ማደሻ አውጥቷል፤ ትንሽ ፋይል ነው፣ ማደስ ያስፈልግ እንደሆነ ራሱ ይነግራል።

ፈርምዌር ሲጻፍ መብራት ቢጠፋ ካርዱ ሊሞት ይችላል። በዚያ ሳምንት መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ነበር የዋለው። ሰፈር ካለ ፎቶ ቤት ዩፒኤስ ለአንድ ማታ ተዋስን። ማደሻው ከደቂቃ ብዙም ሳይዘል ጨረሰ። መብራቱ እስከ ንጋት ሳይጠፋ ያደረው የዚያን ዕለት ብቻ ነው፣ ዩፒኤሱ ስላለ መሆን አለበት።

3ኛ እና 4ኛ ሳምንት፦ የታችኛው ቁጥር

ሞኒተር ሲገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የላዩን ቁጥር ነው። 75 ነው? 144 ነው? እኔን ያለፋኝ ግን የታቹ ነው።

አዳፕቲቭ ሲንክ የሚሠራው በክልል ውስጥ ነው። የኛዎቹ 75 ሄርዞች ከ48 እስከ 75 ይላሉ፤ 144ቶቹ ከ48 እስከ 144። በሰከንድ የሚመጣው ፍሬም ከ48 በታች ሲወርድስ? ድራይቨሩ አንዱን ፍሬም ሁለቴ ያሳያል። ጌሙ 40 ፍሬም ከሰጠ ሞኒተሩ በ80 ሄርዝ ይሠራል። ኤልኤፍሲ የሚባለው ይህ ነው፤ ኤኤምዲ በ2015 መጨረሻ ነው ያመጣው። ለዚህ ግን የላዩ ቁጥር ከታቹ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። ኤኤምዲ መጀመሪያ 2.5 እጥፍ ነበር የጠየቀው። 47 ሲታጠፍ 94 ነው። 144 ላይ ይገባል፣ 75 ላይ አይገባም። ስለዚህ 75 ሄርዝ ሞኒተር ላይ ፍሬሙ 47 በነካ ቁጥር ያ መቀደድ ተመልሶ ይመጣል።

ይህም ከቀትር በኋላ በግልጽ ይታይ ነበር። ጠዋት ጂቲኤ 58፣ 60 ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ካጋለ በኋላ፣ ያው ፒሲ፣ ያው መንገድ፣ 44። "ብሮ፣ ከሰዓት በኋላ ይበላሻል" ያለኝ አንድ ተማሪ ነው። ሙቀቱን አየሁ፣ ካርዱ 88 ዲግሪ ላይ ራሱን ቀንሶ ይሠራል።

580ውን ፈታሁት። ከፋኑና ከአሉሚኒየሙ መሃል አቧራው እንደ ጆንያ ጨርቅ ተዳውሮ ተቀምጧል። በጣት ሲሳብ አንድ ላይ ተላጦ ወጣ። ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቆ ኖራ መስሏል። አዲስ ፔስት 600 ብር፣ ለሁለቱም ካርዶች በቃ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 74 ሆነ፣ ፍሬሙ ከ52 አልወረደም። የሲንክ ችግር ብዬ የጀመርኩት ነገር ግማሹ የአቧራ ሆኖ ተገኘ።

ቀጥዬ ታችኛውን ቁጥር ዝቅ ለማድረግ ሞከርኩ። ከስተም ሪዞሉሽን ዩቲሊቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሞኒተሩ ስለራሱ የሚናገረውን መረጃ ዊንዶውስ ላይ ይለውጣል። ከ48 ወደ 40 አወረድኩ። አንደኛው ሞኒተር ተቀበለ። ሁለተኛው 43 አካባቢ ሲደርስ በየተወሰነ ጊዜ ይጠቁራል፣ ይመለሳል። ሁለቱ አንድ ሞዴል ናቸው፣ ከአንድ ሰው የተገዙ። ፓነል እንደ ዕድሉ ነው። ሁለተኛውን ወደ 48 መለስኩት። ይህን ለሚሞክር፦ አብሮት የሚመጣውን "ሪሴት ኦል" የሚለውን ፋይል ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ። ስክሪኑ ከጠቆረ ሌላ ሞኒተር ሰክታችሁ እሱን ማስኬድ ነው።

ሁለቱም ላይ ጂቲኤ ውስጥ ሣሩን ከአልትራ ወደ ሃይ አወረድኩ፣ ኤምኤስኤኤ የሚባለውን የምስል ጠርዝ ማለስለሻ አጠፋሁ። ልዩነቱን ያስተዋለ ልጅ የለም።

ፊፋ ላይ ደግሞ ያልጠበቅሁት ጥቅም መጣ። ጌሙ 60 ፍሬም ላይ ተቆልፎ ነው የሚሄደው። 60 ፍሬም 75 ሄርዝ ሞኒተር ላይ ሲገባ ከአራት ፍሬም አንዱ ሁለቴ ይታያል። በሰከንድ 15 ጊዜ ማለት ነው። መቀደድ አይደለም፤ ኳሷ ረጅም ቅብብል ላይ ትንሽ ትንሽ ትደናቀፋለች። ፍሪሲንክ ሲበራ ሞኒተሩ ራሱ 60 ሄርዝ ሆነና ኳሷ ሳትደናቀፍ ሄደች። የፊፋ ልጆች ስለ ፍሪሲንክ ሰምተው አያውቁም፣ ግን ወረፋቸውን እነዚህ ሁለት ፒሲዎች ላይ አደረጉ።

5ኛ ሳምንት፦ የቪኤው ብልጭታ

ከርቭዱ መልከ መልካም ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ሲንኩ ከበራ በኋላ ግን ጨለማ ቦታ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። አንድ ልጅ "መብራቱ ሊጠፋ ነው" ብሎ ጌሙን ሴቭ አደረገ።

መንስኤው አሁንም ያው የታችኛው ቁጥር ነው። ጌሙ 49 ፍሬም ሲሰጥ ሞኒተሩ 49 ሄርዝ ላይ ነው። ወደ 47 ሲወርድ ድራይቨሩ ያጥፈውና 94 ሄርዝ ይሆናል። ቪኤ ፓነል በቀስታ ሲታደስና በፍጥነት ሲታደስ የሚሰጠው ብርሃን እኩል አይደለም። በ49 እና በ94 መሃል ሲመላለስ ዓይን ያየዋል።

75 ሄርዙ ላይ ታቹን አወረድኩ፤ እዚህ ተገላቢጦሹን አደረግሁ። ክልሉን ከ72 እስከ 144 አደረግሁት። አሁን ከ72 በታች ያለ ፍሬም ሁሉ ይታጠፋል። ይህ ፒሲ ጂቲኤ ላይ ከ50 እስከ 65 ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ሞኒተሩ ሁልጊዜ ከ100 እስከ 130 ሄርዝ ላይ ይቆያል። ጨዋታው ውስጥ ብልጭታው ጠፋ ማለት ይቻላል። ሎዲንግ ስክሪን ላይ ግን አለ። እዚያ ፍሬሙ ከ20 ተነስቶ 300 ይደርሳል፣ ምንም ክልል አይዘውም። ሪቫ ቱነር በሚባለው ፕሮግራም ለፍሬሙ ጣሪያ ስሰጠው ቀነሰ፣ አልጠፋም። እሱን ትቼዋለሁ።

ጣሪያው ለሁሉም ያስፈልጋል። ፍሬሙ የላዩን ቁጥር ከነካ ከክልሉ ይወጣል። 144ቶቹን 141፣ 75ቶቹን 72 ላይ ቆለፍኳቸው። ኤንቪዲያዎቹ ላይ ቪ-ሲንክን ኮንትሮል ፓነል ላይ አበራሁ፣ ጌሙ ውስጥ አጠፋሁ። ከጣሪያው በታች እስካለ ድረስ ያ የማውስ ክብደት አይመጣም።

6ኛ ሳምንት፦ 960 እና የቀሩት

960 ያለበት ሞኒተር ፍሪሲንክ አለው፣ ካርዱ ግን አያውቀውም። ኮንትሮል ፓነሉ ቪ-ሲንክ ሥር "አዳፕቲቭ" የሚል ምርጫ አለው። የአክስቴ ልጅ ያንን አብርቶ "ይኸው በራ" ብሎኝ ነበር። እሱ ሌላ ነው፤ ፍሬሙ ሲወርድ ቪ-ሲንክን የሚያጠፋ ከ2012 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ሞኒተሩን አይነካም።

ስለዚህ ይህን ፒሲ ለፊፋ ብቻ አደረግነው። ሞኒተሩን ከ75 ወደ 60 ሄርዝ አወረድሁ፣ ቪ-ሲንክ በራ። ጌሙ 60 ነው፣ ካርዱ 60 በቀላሉ ይሰጣል፣ ሁለቱ ይገጥማሉ። ኳስ ላይ የማውስ ክብደት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በጆይስቲክ ነው። ገንዘብ አልወጣም።

ፕሌይስቴሽን 4ን 144ቱ ላይ ብንሰካውስ የሚል ሐሳብም መጣ። ጥቅም የለውም። ፒኤስ 4 አዳፕቲቭ ሲንክ አያውቅም፣ ከ60 ሄርዝም አያልፍም። ፒኤስ 5 በ2022 አግኝቷል፣ ግን በኤችዲኤምአይ 2.1 መንገድ ነው፤ የኛ ሞኒተሮች የያዙትን ፍሪሲንክ አይጠቀምም።

ወጪ እስካሁን፦ ሦስት ገመድ 4,100፣ ፔስት 600፣ መሳቢያ የገባው አስማሚ 900። ድምር 5,600 ብር።

የአክስቴ ልጅ አሁን 960ን ሸጦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ሊገዛ ይፈልጋል። ጉልበታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ግን 1050 ቲአይ ከ10 ሲሪስ ስለሆነ በዲስፕሌይ ፖርት ሲንክ ይሠራለታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ አገኘ፣ ዋጋው በጣም ረከሰብኝ። "የጀርባውን ፎቶ ሳላይ ብር እንዳትልክ" አልኩት። ፎቶው ማታ መጣ። ዲቪአይ፣ ሚኒ ኤችዲኤምአይ፣ ቪጂኤ። ኤንቪዲያ ከ10 ሲሪስ ጀምሮ አናሎግ መውጫውን አንስቶታል። 1050 ቲአይ ተብሎ ቪጂኤ ያለው ካርድ ብዙ ጊዜ ባዮሱ ላይ ስሙ የተቀየረ የድሮ ካርድ ነው። ዲስፕሌይ ፖርት ደግሞ ጭራሽ የለውም። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ እምላለሁ" ይላል። 960 ለጊዜው ፊፋውን ያጫውታል።